የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚጨምር ኪራይ

ያረጁ ቤቶች፣ የተከራይ መብትና ከአሊዩ አምባ እስከ አዲስ አበባ ያልተመለሰው የጥገና ጥያቄ

ሰኔ ሲገባ በትናንሽ ከተሞቻችን ዝናቡና የኪራይ ጭማሪው ተከታትለው ይመጣሉ። ተከራዩ ከጣሪያው የሚወርደውን ጠብታ የሚቀበል ባልዲ ወደ አልጋው ሥር እያስጠጋ ሳለ በሩ ይንኳኳል። አከራይዋ ናቸው። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ደፉ ላይ ቆመው ወሬውን ከደኅንነት ይጀምራሉ።

«እንዴት ነህ ልጄ? ሥራ እንዴት ነው?»

«እግዜር ይመስገን እማማ። ዝናብ ነው፣ ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ እቸኩላለሁ። እንዲያው ኑሮው እንደምታየው ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አምስት መቶ ብር ብትጨምርልኝ ብዬ ነው።»

«እማማ፣ ጣሪያው እኮ ያፈሳል። አምናም ነግሬዎት ነበር።»

«አውቃለሁ። ቆርቆሮው በምን ይገዛ? ኢንሻአላህ በበጋው እናየዋለን።»

ይህ ንግግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በአሊዩ አምባም፣ በአንኮበርም፣ በደብረ ብርሃን የኋላ ሰፈሮችም፣ በአዲስ አበባ አሮጌ ግቢዎችም በየዓመቱ የሚደገም ነው። ተነጋጋሪዎቹ አይጠላሉም። ብዙ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ ቡና ይጠራራሉ፣ በሐዘን በደስታ ይደራረሳሉ። አምስት መቶ ብሩ ግን ይጨመራል፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን አይተውም። አከራዩ ስለ ኑሮ ሲናገሩ እውነታቸውን ነው፤ ተከራዩም ስለ ጣሪያው ሲናገር እውነቱን ነው። በሁለቱ እውነት መካከል መቆም የነበረበት ሕግ ነው። ሕጉ የት ድረስ እንደመጣና የት ላይ እንደቆመ መመርመር የሚገባንም ለዚህ ነው።

ገበያ ያቆማት ከተማ

ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድ ከኋላው እየተወ፣ ፊት ለፊቱ የአፋር ቆላ እየተገለጠለት ይሄዳል። አሊዩ አምባ በዚህ መውረጃ ላይ ያለች፣ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱ አንኮበር በነበረበት ጊዜ፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ሸዋን የሚረግጠው በዚህ በር ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ሐረሬው እዚህ ይገናኛል፤ ጨው፣ እህል፣ ጥጥ፣ ጨርቅና የጋማ ከብት ይለዋወጣል። በ1841 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ንጉሡ የተላከው የሻምበል ሃሪስ ቡድን ወደ አንኮበር የወጣው በአሊዩ አምባ በኩል ነው። በተከታዩ ዓመት የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ እዚያው ከርሞ፣ የከተማዋን የዕለት ኑሮ በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፏል።

ገበያ ባለበት እንግዳ አለ፤ እንግዳ ባለበት ማደሪያ የሚሰጥና ማደሪያ የሚፈልግ ይኖራል። ገበያው ሲሄድም የቤት ፈላጊው አብሮ ይሄዳል። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ በኋላም የጅቡቲው ባቡር የሲራራውን ንግድ ወደ ራሱ ሲስብ፣ የአሊዩ አምባ በር ቀስ በቀስ ፀጥ አለ። ከተማዋ አልጠፋችም፤ ሳምንታዊ ገበያተኛው ዛሬም ከላይም ከታችም ይመጣል። ጓዙን ይዞ ቤት የሚፈልገው ግን ተለውጧል። እንዲህ ባለች ከተማ ዛሬ የሚከራየው በምደባ የመጣው መምህር፣ ጤና ጣቢያ የተቀጠረችው ነርስ፣ የግብርና ባለሙያው፣ ፖሊሱ፣ ሱቅ ሊከፍት የሞከረ ወጣት ነው። የቤት ዓይነትም አይመርጥም፤ ምርጫ የለምና።

የሚገኘው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የእንጨትና የጭቃ ነው። ማገሩ ምስጥ የበላው፣ ምርጊቱ ከሥሩ የተቦረቦረ፣ ቆርቆሮው ዝጎ በየምስማሩ ቀዳዳ ውኃ የሚያስገባ ክፍል ነው። ኮርኒስ ካለው ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም ሸራ ነው። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው። የመብራት ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ሒሳቡ በየወሩ በአምፖልና በምጣድ ቁጥር ይከፋፈላል። ይህ ክፍል ከአምስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት ምናልባት ትንሽ ይሻል ነበር። ኪራዩ ግን በአንጻሩ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ነው።

ደብረ ብርሃን ሲሞቅ

የትንሽ ከተማ ኪራይ የሚወሰነው እዚያው ብቻ አይደለም። የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በዋናው የደሴ መንገድ ላይ ናት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ሠራተኛ ይስብ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት። ከዚያ ቢራ ፋብሪካዎች መጡ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ መጣ፣ በየመንገዱ ዳር የግል ፋብሪካ በቀለ። በእነዚህ ላይ ግጭቱና የሰሜኑ ጦርነት ተጨመሩ። ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀለው ሕዝብ፣ በኋላም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና በተጠጋ ጊዜ የሸሸው፣ ደብረ ብርሃንን መጠጊያ አደረገ። ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ የሰፈረው በዜና ታይቷል። ዘመድ ቤት የተጠጋውና ያለ የሌለውን አሟጦ አንድ ክፍል የተከራየው ግን አልታየም።

ፈላጊው በዚህ ፍጥነት ሲበዛ ያረጀው ቤትም ዋጋ ያወጣል። ምጣኔ ሀብቱ ቀላል ነው፦ አዲስ ቤት ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፣ አዲስ ተከራይ ለመምጣት አንድ ሌሊት ይበቃል። ስለዚህ አከራዩ ቤቱን ሳያድስ ጭማሪ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይኼኛው ባይከፍል የሚከፍል አለና። ደላላውም ይህን ያውቃል። የአንዱ ግቢ ጭማሪ በሳምንት ውስጥ የሰፈሩ ዋጋ የሚሆነው በደላላው ስልክ ነው። በከተማዋ የተነሣው ዋጋም በየመናኸሪያው እየወረደ አንኮበርና አሊዩ አምባ ይደርሳል። ደመወዙ ግን አብሮ አይወጣም። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የመምህሩ ደመወዝ በዚያ ልክ አላደገም። የእህሉንም የኪራዩንም ንረት የሚሸከመው ያው አንድ ደመወዝ ነው።

ለአከራዩም ፍትሐዊ እንሁን። በትንሽ ከተማ አከራይ ማለት ብዙ ጊዜ ባለ ፎቅ አይደለም። ባላቸው የሞተባቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርተው ወይም ከአባት ወርሰው በዚያ የሚተዳደሩ እናት ናቸው። ጡረተኛ ናቸው። ልጁ አረብ አገር ሄዳ በላከችው ብር ሰርቪስ ቤት የሠራ ገበሬ ነው። ለእነሱ ያ ኪራይ የጤፍና የመድኃኒት መግዣ ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሲሚንቶ የተወደደባቸውም እነሱ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከመቶ ብር በላይ ሲደርስ፣ ከውጭ የሚገባው የግንባታ ዕቃ ዋጋም ከዚያው ጋር ወጥቷል። እማማ «ቆርቆሮው በምን ይገዛ?» ያሉት ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ችግሩ፣ የሚጨመረው ኪራይ ወደ ቆርቆሮው እንዲሄድ የሚያስገድድ ወይም የሚያበረታታ ነገር አለመኖሩ ነው።

የ1967ቱ ሐምሌ ያስተማረን

ኢትዮጵያ ለኪራይ ጥያቄ ከሁሉም የከረረውን መልስ የሰጠችው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ሌላውን አስረከበ፤ የግል አከራይና ተከራይ ግንኙነትም ተሻረ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ።

ለዚያ ዘመን ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። በየወሩ መጨረሻ ከአከራይ ዓይን ይሸሸግ የነበረ የቀን ሠራተኛ፣ ጠላ ሸጣ ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ ማንም በአንድ ቃል ከማይነቅላቸው ቤት ውስጥ አደሩ። የቀበሌ ቤት ትውልድ አሳድጓል። ከዚያ ቤት ሐኪም ወጥቷል፣ ዳኛ ወጥቷል፣ ደራሲ ወጥቷል። የኪራዩ ማነስ ለድሃው የተሰጠ እውነተኛ ድጎማ ነበር፤ ይህን የሚክድ ያንን ኑሮ አላየውም።

ይሁንና አዋጁ ኪራዩን ሲያወርድ ጥገናውን የሚሸከም ትከሻ አላዘጋጀም። ቀበሌው በአሥርና በሃያ ብር ኪራይ ጣሪያ ሊቀይር አይችልም ነበር። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት ፈራ፤ ሊያድስ ቢፈልግ እንኳ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆመ። ቤቱ ግን አልቆመም፤ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ወደ መሬት ወረደ። መንግሥት ሲለወጥ፣ የግል ኪራይ ሲመለስ፣ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር በ2009 ዓ.ም. የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ የቀበሌ ቤቶቹ ዕጣ ብዙም አልተለወጠም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከፈረሱት አሮጌ ሰፈሮች፣ ፒያሳን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ቤቶች እንዲህ ለሃምሳ ዓመት ያለ በቂ ጥገና የከረሙ ነበሩ። ለማፍረስ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱም እርጅናቸው ነበር።

ሕግ ስለ ዋጋ ብቻ ተናግሮ ስለ ቤቱ ዝም ካለ፣ ተከራዩን ዛሬ ከጭማሪ ያድነውና ነገ ቤቱን ያሳጣዋል። ከ1967 የምንወስደው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

የ2016ቱ አዋጅና የቆመበት ቦታ

የግል ኪራይ ከተመለሰ በኋላ ለረጅም ጊዜ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በሰዎች ልማድ ብቻ ሲተዳደር ኖረ። መንግሥት ጣልቃ የገባው በአስቸኳይ ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከለከለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የአዲስ አበባ አስተዳደር ተመሳሳይ እገዳ አወጣ። እገዳዎቹ ጊዜያዊ ነበሩ፤ ሲያበቁ ጭማሪው የቆየበትን አካክሶ ተመለሰ።

ቋሚ ሕግ የመጣው መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን ሲያጸድቅ ነው። አዋጁ ለተከራይ የሰጣቸው ነገሮች ቀላል አይደሉም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀናት ውስጥም በተቆጣጣሪው አካል ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊሆን አይችልም። ጭማሪ አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው መሆኑ ቀርቶ፣ ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሰኔ ማብቂያ ይፋ በሚያደርገው ጣሪያ ልክ ይሆናል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የስድስት ወርና የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ አምጣ ማለት ሕገ ወጥ ሆነ። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይፈጸማል። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ተከራዩ ለመልቀቅ የስድስት ወር ጊዜ ያገኛል።

በአዲስ አበባ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ውል ለመመዝገብ በየወረዳው ሰልፍ ተሠለፈ። ብዙ ተከራዮች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አድራሻቸውንና ኪራያቸውን የያዘ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ጨበጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ልቀቅ» የሚለው ቃል በአንድ ምሽት ሕይወት የሚያናጋው ሰው ወረቀት ሲይዝ አቋሙ ይለወጣል፤ ልጁን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ያውቃል።

ግን ሁለት ክፍተት አለ። አንደኛው ቦታ ነው። አዋጁ ለአዲስ አበባ፣ ለድሬዳዋና ክልሎች ለሚወስኗቸው ከተሞች የተዘጋጀ ነው። አሊዩ አምባን የመሰለች ከተማ በዚያ ዝርዝር የምትገባው የክልሉ ዓይን እስከዚያ ሲደርስ ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭት ውስጥ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ የቤት ኪራይ መዝጋቢ ማደራጀት የማንም ቀዳሚ ሥራ አለመሆኑ ይገባናል። ሆኖም ተከራዩ ጥበቃ ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚሁ ጊዜ ነው። ተፈናቃይ የሚያስጠጋ፣ መንገድ ሲዘጋ ደመወዝ የሚዘገይበት ከተማ ተከራይ ከአዲስ አበባው ያነሰ ጥበቃ የሚያገኝበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ክፍተት ቤቱ ራሱ ነው። የአዋጁ ልብ ዋጋና ጊዜ ነው፦ ስንት ይጨመር፣ መቼ ይጨመር፣ ለስንት ዓመት ይከራይ። በየትኛው ሁኔታ ላይ ላለ ቤት ነው የሚጨመረው የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ጎን ቀርቷል። ተቆጣጣሪው በዓመቱ መጨረሻ አንድ የመቶኛ ጣሪያ ሲያውጅ ባለፈው ዓመት በሲሚንቶ የተለሰነው ቤትና ግድግዳው የፈረሰው ቤት እኩል የመጨመር መብት ያገኛሉ። ያደሰና ያላደሰ አከራይ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ ማለት ነው፤ ለማደስ የሚያነሣሣም፣ ላለማደስ የሚያሳፍርም ነገር ጠፋ።

ጥገናው የማን ነው?

ብዙ ተከራይ የማያውቀው ነገር አለ፦ የጥገና ጥያቄ ሕግ የሌለው ጥያቄ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ የማስረከብና በኪራዩ ዘመንም እንደዚያው የማቆየት ግዴታ ይጥልበታል። የተከራዩ ድርሻ ጥቃቅን ጥገና ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳና ምሰሶ የአከራዩ ናቸው። በየግቢው «እንዳለ ተከራይተኸው የለም እንዴ?» የሚባለው መልስ ይህን ግዴታ አያጠፋውም።

ይበልጥ የሚያስገርመው የግብር ሕጉ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ለማይገደድ አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው ግማሹን፣ 50 በመቶውን፣ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና መተኪያ ብሎ ከግብር ነፃ አደረገለት። በወር 2,000 ብር የሚከራይ ክፍል በዓመት 24,000 ብር ያስገባል፤ በዚያ አዋጅ ስሌት ከዚህ 12,000 ብሩ ለቤቱ መጠበቂያ የተተወ ነው። ሕዝቡ በግብር መልክ ሊሰበስብ ይችል የነበረውን ገንዘብ «ቤቱን አድስበት» ብሎ ለአከራዩ ትቶለታል ማለት ነው። ደረሰኝ አይጠየቅበትም፤ ቤቱ መታደሱንም የሚያይ የለም። በየዓመቱ ተቀናሹ ይቀነሳል፣ ጣሪያው ግን እንዳለ ይቀራል።

ይህ አንድ እውነት የክርክሩን ሚዛን ይለውጠዋል። ተከራዩ ጭማሪ ሲጠየቅ «ጣሪያውስ?» ማለቱ ልመና ወይም ድፍረት አይደለም። ከሚከፍለው ኪራይ ውስጥ የጥገናው ድርሻ በሕግ አስቀድሞ የታሰበ ስለሆነ፣ የተከፈለበትን ነገር መጠየቁ ነው።

ሌሎች እንዴት አገናኙት?

ዋጋንና የቤትን ሁኔታ ማገናኘት አዲስ ፈጠራ አይደለም። በኔዘርላንድ የመካከለኛና የዝቅተኛ ኪራይ መጠን የሚወሰነው በነጥብ ነው። ቤቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው፣ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው ምን ይመስላል፣ ብርድ ይከላከላል ወይ ተብሎ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ኪራዩም ነጥቡን አያልፍም። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ይህ ሥርዓት ወደ መካከለኛ ኪራይ ቤቶችም ተስፋፍቷል። ቤቱ ከባድ ጉድለት ካለበት ተከራዩ ለኪራይ ኮሚሽኑ ያመለክታል፤ ኮሚሽኑም አከራዩ እስኪጠግን ድረስ ኪራዩን ሊቀንሰው ይችላል።

ጀርመኖች ደግሞ ጥገናን ከማሻሻል ለይተዋል። የተበላሸን መጠገን የአከራዩ ግዴታ ስለሆነ ወጪው በተከራዩ ላይ አይጫንም። ቤቱን ከነበረበት ያሻሻለ አከራይ ግን ካወጣው ወጪ እስከ 8 በመቶውን በዓመታዊ ኪራዩ ላይ እንዲጨምር ይፈቀድለታል። ተከራዩም በበኩሉ ቤቱ ጉድለት ካለበት እንደ ጉድለቱ መጠን ኪራይ የመቀነስ መብት አለው። እነዚህ አገሮች ሀብታሞች ናቸው፤ ቢሯቸውም መርማሪያቸውም ብዙ ነው። የኔዘርላንድ የነጥብ ሠንጠረዥ አሊዩ አምባ ይተከል የሚል የለም። የሐሳቡ አጥንት ግን ሀብት አይጠይቅም፤ ላደሰ ጭማሪ ይፈቀድ፣ ላላደሰ አይፈቀድ ማለት ነው።

ከአንድ ገጽ የሚጀምር

ይህን ወደ እኛ አፈር ለማምጣት ከሚታሰበው በላይ ቀላል መንገድ አለ። ሲከራዩ ከውሉ ጋር የቤቱን ሁኔታ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ይያያዝ፦ ጣሪያው ያፈሳል ወይስ አያፈስም፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል ወይስ ደህና ነው፣ ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ፣ ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ ነው፣ ውኃና መብራት አለ ወይ። ሁለቱ ይፈርሙ፤ ሁለት ምስክር ይጨመር። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሽማግሌ ፊት ውል ማሰር እናውቅበታለን። በዓመቱ ጭማሪ ሲጠየቅ ያ ገጽ ይወጣል። የተዘረዘረው ጉድለት ከተጠገነ ጭማሪው በተፈቀደው ልክ ይሁን፤ ካልተጠገነ እስኪጠገን ይቆይ።

ተከራይ ራሱ ቆርቆሮ ገዝቶ ጣሪያውን ሲቀይር ደግሞ፣ በአከራዩ ፈቃድና በደረሰኝ፣ ያወጣው ከሚቀጥሉት ወራት ኪራይ ይታሰብለት። በብዙ ግቢ ይህ በቃል ይደረጋል፤ በቃል የተደረገ ግን አከራዩ ሲሞቱና ወራሽ ሲመጣ ይረሳል። በውሉ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ይበቃዋል።

አቅም ለሌላቸው አከራዮች ደግሞ ማዘጋጃ ቤትና የቁጠባና ብድር ተቋማት ለጣሪያና ለግድግዳ የሚውል አነስተኛ ብድር ያመቻቹ፤ የተመዘገበ የሁለት ዓመት ውል ያለው አከራይ የሚከፍልበት ገቢ በወረቀት የተረጋገጠ ስለሆነ ለአበዳሪም አስተማማኝ ነው። የግብር ቢሮው ለጥገና የሚታሰበውን ሲቀንስ ቢያንስ የቤቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ይጠይቅ። የክልሉ መንግሥትም አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች ሲወስን ከትልልቆቹ ላይ አይቁም፤ መምህርና ነርስ የሚመደብበት ማንኛውም ከተማ ተከራይ ያለበት ከተማ ነው። መምህሩ መኖሪያ አጥቶ ዝውውር ሲጠይቅ የሚጎዳው ተማሪው፣ ነርሷ ስትለቅ የሚጎዳው ወላዷ ናት።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ ቤት እንዲያገኙ ፖሊሲ ይነደፋል ይላል። አቅም የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ አዲስ ሕንፃ ከመሥራት ጋር ብቻ ይታያል። አብዛኛው የከተማ ሕዝባችን ግን ነገ ማታም የሚያድረው ዛሬ ባሉት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። የቆመን ቤት መጠገን አዲስ ከመሥራት ይረክሳል፤ ሰውም ከሰፈሩ፣ ከዕድሩና ከልጆቹ ትምህርት ቤት አይነቀልም።

እስከዚያው ድረስ ተከራይ የሆነ ሁሉ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ፦ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ፣ ክፍያውን ማስረጃ በሚተው መንገድ መፈጸም፣ የቤቱን ጉድለት ጽፎ ቅጂውን ለአከራዩ መስጠት። አከራይ የሆነም ከሚጨምረው ብር የተወሰነውን ለቆርቆሮው አስቀድሞ መመደብ ይችላል፤ ያ ቤት የተከራዩ መጠለያ ከመሆኑ በፊት የራሱ ንብረት ነው። የ1967ቱ አዋጅ ተከራዩን ከአከራዩ ጠበቀው፣ ቤቱን ግን ከዝናቡ የሚጠብቅ አላቆመም። የ2016ቱ አዋጅ ያንን ስህተት እንዳይደግመው፣ ማንኛውም ጭማሪ ከመፈቀዱ በፊት ጥገናው ይጠየቅ።